25 ሰው ይዞ አዲስ አበባ መግባት፦ የመጀመሪያው ቀን እንዴት ይመራል?

ከክፍለ ሀገር ተሰብስቦ አዲስ አበባን ለማየት የሚመጣው ቡድን ብዙ ነው። የመምህራን ማኅበር አለ፣ የዕድርና የዕቁብ አባላት አሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉ፣ አብረው ጡረታ የወጡ ባልደረቦች አሉ። ጉዞው የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ምሳ ይዘገያል፣ አልጋ ይጎድላል፣ አንዱ ስልኩን ይሰረቃል፣ ሁለቱ አክስታቸው ጋ ሄደው ስልክ አያነሱም። ማታ ላይ የአስተባባሪው ድምፅ ተዘግቷል፣ የታየ ነገር ግን የለም።

ስለዚህ ምክሬን መጀመሪያ ልናገር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰፈር ብቻ ይታይ። የቀረው ጊዜ ሰዉን ለማስገባት፣ ለማብላት፣ ለማሳረፍና ለመቁጠር ነው። "እዚህ ድረስ መጥተን?" የሚል አይጠፋም። ይበል። በሁለተኛው ቀን ያመሰግናችኋል።

ነገሩ እንዲጨበጥ፣ ከሐዋሳ በኮስትር የሚነሳ 25 ሰው አለ እንበል። ከሌላ ቦታ የምትመጡም ከሆነ አካሄዱ ያው ነው።

1. አልጋ የምትይዙበትን ሰፈር የምትገቡበት በር ይወስነው

አዲስ አበባ በአምስት በር ትገባለች ማለት ይቻላል። ከሐዋሳ፣ ከአዳማና ከድሬዳዋ የሚመጣ በቃሊቲ በኩል ይገባል። ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣ በለገጣፎ አድርጎ ወደ መገናኛ ይወርዳል። የጎጃም መንገድ በሱሉልታ አልፎ በአዲሱ ገበያ ይገባል። የአምቦና የነቀምቴው በቡራዩና በአስኮ፣ የጅማና የወልቂጤው በሰበታና በአየር ጤና ነው።

ይህን የምዘረዝረው በምክንያት ነው። በቃሊቲ የገባ ቡድን አስኮ አልጋ ከያዘ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሊሰነጥቅ ነው። በዚያ የመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ፣ አምስት ሰዓት ተጉዞ የደከመ ሰው ተጨማሪ ሁለት ሰዓት መኪና ላይ ይቀመጣል። ከሐዋሳ የሚመጣ ሳሪስ ወይም ጎተራ አካባቢ ቢይዝ ይሻለዋል። ከደሴ የሚመጣ መገናኛ፣ ሃያ ሁለት ወይም ሲኤምሲ ይያዝ። ፒያሳ አካባቢ ደግሞ ለጎጃም መንገድ ይቀርባል።

አልጋውን በስልክ ስትይዙ ስለ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ሮቶ አለው ወይ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 25 ሰው በአንድ ጠዋት ገላውን ልታጠብ ሲል ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ኮስትር የሚያስገባ ግቢ አለው ወይ? ጥበቃ አለው ወይ? ስንት ክፍል ባለ ሁለት አልጋ ነው? ከተስማማችሁ ቀብድ ላኩ፣ የላካችሁበትን ማረጋገጫም አስቀምጡ። ቀብድ ያልተከፈለበት አልጋ እንደተያዘ አትቁጠሩት። በተለይ የመስቀል በዓል ወይም ትልቅ ስብሰባ ያለበት ሳምንት ከሆነ፣ "ይዘንላችኋል" የተባለው ክፍል ስትደርሱ ሌላ ሰው ተኝቶበት ታገኙታላችሁ።

2. ሥራውን ለአራት ሰው አካፍሉ

አስተባባሪ ሁሉንም ልሥራ ካለ ሁሉም ይበላሻል። አንድ ገንዘብ ያዥ ይኑር። አንድ ቆጣሪ ይኑር። አንድ ሰው ስለ ምግብ ብቻ ያስብ። አንድ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ይሂድ። የመጨረሻው ሥራ ክብር የሌለው ይመስላል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈልገው እሱን ነው። ከኋላ የሚሄደው ሰው እርጋታ ያለው፣ አዛውንቶችን የማያጣድፍ፣ ፎቶ ለማንሳት የቆመውን ጎረምሳ በጨዋታ የሚያስከትል ይሁን።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከ1 እስከ 25 ቁጥር ስጡ። መኪና ከመነሳቱ በፊት ሁሉም በተራ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ። "ሁሉም አለ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ የሌለ ሰው "የለሁም" አይልም። ሁለት ሁለቱን ማጣመርም ጥሩ ነው። 7 ቁጥር ሲዘለል ጓደኛው ወዲያው "ሽንት ቤት ነው" ይላል።

የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ነገር ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ። በየቡድኑ ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች አሉ። ለእነሱ የሆቴሉን ስም፣ ሰፈሩን፣ በቅርብ ያለውን የታወቀ ምልክትና የሁለት አስተባባሪ ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ አስይዟቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው አድራሻ የሚነግራችሁ በቤት ቁጥር ሳይሆን "ከማደያው ጀርባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት" እያለ ነው። ወረቀቱም እንዲሁ ይጻፍ። በዚያው ላይ 991 ለፖሊስ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ጨምሩበት።

መታወቂያ የሌለው ሰው አይሳፈር። ሆቴሉም ይጠይቃል፣ በመንገድ ላይ ያለው ፍተሻም ይጠይቃል። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ማታ "መታወቂያችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ" በሉ። የረሳው ሰው ያኔውኑ ይታወቃል።

3. የቅቤውን ነገር አስቡበት

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ባዶውን አይሄድም። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አለ። ቆጮ አለ። በጀሪካን ማር፣ በከረጢት ቡና፣ በካርቶን አቮካዶ አለ። ጎረቤት ሰምቶ "ለልጄ አድርስልኝ" ብሎ የሰጠው ደግሞ አለ። ይህ የማይቀር ነገር ነው፣ መከልከልም አልመክርም። ባዶ እጁን ዘመድ ቤት የሚሄድ የለም።

ግን ሥርዓት ይኑረው። አንደኛ፣ ቅቤ ከሻንጣ ጋር አይጫን። ሞጆ አካባቢ ሙቀቱ ሲበረታ ቀልጦ የሰው ልብስ ላይ ይወርዳል፣ ሽታውም እስከ መጨረሻው ቀን አብሯችሁ ይዞራል። ክዳን ባለው ባልዲ ይግባ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የላኪው ስም፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ ይጻፍ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ኮስትሩ ዕቃ አያደርስም። ተቀባዩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆቴሉ ድረስ መጥቶ ይውሰድ። "መንገዳችን ላይ ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ" የሚባል ነገር አለ። እሺ ካላችሁ አለቀላችሁ፤ አምስት ደቂቃው ቡና ይፈላበታል።

4. ምሳውን ሞጆ ላይ ሆናችሁ እዘዙ

ከሐዋሳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቃሊቲ ትደርሳላችሁ። ሰው ቁርስ በደንብ አልበላም፣ ርቦታል። በዚህ ሰዓት 25 ሰው አንድ ምግብ ቤት ገብቶ እያንዳንዱ ከሜኑ ልምረጥ ካለ፣ የመጀመሪያው ሰው በልቶ ሲጨርስ የመጨረሻው ገና "ምን አለ?" ይላል።

ስለዚህ ምግብ ላይ የተመደበው ሰው ምግብ ቤቱን በፊት በነበረው ቀን ይምረጥ። ሞጆ ስትደርሱ ደግሞ ይደውልና የሰዉን ቁጥርና የምግቡን ዓይነት ይናገር። ለአራት ሰው አንድ ትሪ ሲባል ሥራው ይቀላል፣ ሰዉም ይቀራረባል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከገባ፣ የጾም በየአይነቱ ይበዛል። በቡድኑ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ፣ ሥጋ የሚበላ ሁሉ የየራሱን ቤት ስለሚፈልግ ቀላሉ መፍትሔ አንድ ቦታ ሆኖ ጾም መብላት ነው። ምንም ማስረዳት ሳያስፈልግ ሁሉም እጁን ይዘረጋል።

ሂሳቡን ገንዘብ ያዡ ብቻ ይክፈል። "በእኔ ይሁን፣ አይሆንም በእኔ" የሚለው ግብግብ ሃያ ደቂቃ ይበላል። በቴሌብር መክፈል ይመቻል፤ ኔትወርክ እምቢ ሊል ስለሚችል ለአንድ ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብም ይኑረው። ደረሰኝ ይቀበል። የማኅበር ብር ከሆነ፣ ስትመለሱ የሚጠይቅ አለ።

5. ክፍሉ ተደልድሎ ይጠብቅ

ማን ከማን ጋር እንደሚያድር መኪና ውስጥ ተወስኖ ያልቅ። ሆቴል በር ላይ ከተጀመረ ኩርፊያ ይመጣል። አዛውንቶች ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይሁኑ። የሚያንኮራፋ ሰው ራሱ ይናገር፣ ካልተናገረ ሌላው ይናገርለታል።

ከገቡ በኋላ አንድ ሰዓት ይተኙ። ይህን አትቀንሱ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ለብዙው ሰው ምንም አይሰማውም። ዕድሜያቸው የገፋና ደም ግፊት ወይም አስም ያለባቸው ግን ዳገት ላይ ቶሎ ይደክማቸዋል። መድኃኒታቸውን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ እንደያዙ ጠይቁ። አንዳንዱ ራስ ምታቱን የቡና እጦት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሊሆንም ይችላል፣ ለማንኛውም ውሃ ይጠጣ። ሲወጡ ሹራብ ወይም ጋቢ ይያዙ፤ ቀን ላይ ሞቆ አመሻሽ ላይ ብርዱ ይለበልባል።

6. ከስድስት ኪሎ ቁልቁል

ለመጀመሪያው ቀን የምመርጠው ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ጎዳና ነው፣ ሰው አይጠፋም። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከላይ ከጀመራችሁ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ብዙ ቡድን አራት ኪሎ ይወርድና ዳገቱን ሽቅብ ይያያዘዋል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሾፌሩ ስድስት ኪሎ ያውርዳችሁና እሱ አራት ኪሎ አካባቢ መኪና ማቆሚያ ፈልጎ ይጠብቅ። ዋና መንገድ ላይ ቆሞ ሰው ልጫን ካለ ትራፊክ አይለቀውም። በአዲስ መልክ በተሠሩት ጎዳናዎች ላይ የሙዝ ልጣጭ በመስኮት መወርወርም ያስቀጣል። ይህን ከመኪና ከመውረዳችሁ በፊት ተናገሩ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ኪሎ ድረሱ። አደባባዩ መሐል ያለው ረጅም ሐውልት የየካቲት 12 መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የጣሊያን ወታደሮችና ፋሺስቶች በከተማው ሕዝብ ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ ይታሰብበታል። ቦምቡ የተወረወረው እዚያው ፊት ለፊት፣ በያኔው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ነው። ለቡድኑ ይህን ስትነግሩ ሐውልቱንም የግቢውን በርም በአንድ ላይ እያሳያችሁ ይሁን። ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ቦታው ይህን ያህል መቀራረቡን ግን ብዙው አያውቅም። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ምስሎች ዞር ዞር ብለው ይዩ። ዝም ብሎ የሚያየውን ሰው አትጎትቱት።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግሩም ነው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ነገር ግን ዛሬ አትግቡ። ሁለት ሙዚየም በአንድ ከሰዓት ሰው አይችለውም። ለሌላ ቀን ጠዋት አቆዩት።

ቁልቁል ስትወርዱ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም ታገኛላችሁ። ዋናው ጉብኝታችሁ ይህ ነው። ወደ 11 ሰዓት ግድም ሰዓቱ ስለሚያልቅ ከዘጠኝ ተኩል በፊት ግቡ። ገንዘብ ያዡ ለሁሉም ቲኬት በአንድ ላይ ይቁረጥ። በበዓል ቀን የምትሄዱ ከሆነ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ ደውሉ።

ሁሉም ድንቅነሽን ልይ ብሎ ወደ ምድር ቤቱ ይሮጣል። በ1967 ዓ.ም አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ነው የተገኘችው፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂ ነው፣ ዋናው አጥንት ተለይቶ በጥንቃቄ ይቀመጣል። ይህን መኪና ውስጥ ንገሯቸው። እዚያ ከተሰማ "ታዲያ ለምን ከፈልን?" የሚል ይመጣል። ቀድሞ ካወቀ ግን ቅጂውንም በፍቅር ነው የሚያየው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም እንደማያልፍ ሲያዩ ሰዎች ልጆቻቸውን አጠገቧ እያቆሙ መለካት ይጀምራሉ። ፈገግ የሚያሰኝ ጊዜ ነው። 25 ሰው በአንዴ ሳጥኑን ቢከብ ግን ማንም አያይም። ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ከታች ሲጀምር ግማሹ ከላይ፣ ከሥዕሎቹ ይጀምር፣ መሐል ላይ ይተላለፉ። የመገናኛ ሰዓትና ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፦ 11 ሰዓት፣ ዋናው በር።

ከዚያ አራት ኪሎ። የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ጋ አንድ የቡድን ፎቶ አንሱ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። ካሜራችሁ ግን ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ ፓርላማውና ወደ ጥበቃዎች አይዙር። አንድ ሰው ሳያስብ ባነሳው ፎቶ መላው ቡድን ሲጠየቅ ሊያመሽ ይችላል።

እዚያው ማኪያቶ ጠጡ። ኮስትሩ ሲመጣ ቁጥር ይጠራ።

7. ኪስ

ሰውን አታስፈራሩት፣ ዘዴዎቹን ግን ንገሩት። አንዱ "ልብስህ ላይ ምን ነካህ?" ብሎ ሊጠርግላችሁ ይጠጋል፣ ጓደኛው ኪስ ይገባል። ሌላው ካርቶን ወይም የሚሸጥ ነገር ደረታችሁ ሥር ይዘረጋል፣ እጁ ከታች ነው። ታክሲ ስትገቡ ያለምክንያት የሚጋፋ አለ። መኪና ቆሞ ሳለ በመስኮት በኩል ስልክ ጆሮው ላይ የያዘ ሰው ደግሞ ቀላል ምርኮ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ አትቁሙ፣ አትጨቃጨቁ፣ እጃችሁ ኪሳችሁ ላይ ይሁን፣ ወደ ቡድኑ ጠጋ በሉ።

መርካቶ በመጀመሪያው ቀን አይኬድም። እናቶች ይቆጣሉ፣ ይቆጡ። ከተማውን ያልለመደ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ይዞ መርካቶ መሐል መግባት የለበትም። የተገዛውም ዕቃ ለሦስት ቀን አብሯችሁ ሊንገላታ ነው። የመጨረሻው ቀን ረፋድ ለመርካቶ ይሁን።

8. "አክስቴ ጋ ደርሼ ልምጣ"

ከጉዞው ነገር ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። ከ25 ሰው ግማሹ አዲስ አበባ ዘመድ አለው። ዘመድ ደግሞ መምጣታችሁን ሰምቶ ሆቴል ማደራችሁን እንደ ስድብ ነው የሚያየው። ክልከላ አይሠራም፣ ሰው ተደብቆ ይሄዳል። የተደበቀውን ደግሞ አትቆጥሩትም።

የሚሻለው በር መክፈት ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ሦስት ነገር ግን ለቆጣሪው ያስመዝግብ፦ የሚሄድበትን ሰፈር፣ የዘመዱን ስልክ፣ የሚመለስበትን ሰዓት። እዚያው የሚያድር ከሆነ እስከ 3 ሰዓት ይደውል። ጠዋት ሆቴል ሳይሆን የመጀመሪያው ጉብኝት ቦታ ላይ ይጠብቀን ብትሉት ይቀላችኋል፤ ኮስትሩ ማንንም ከየሰፈሩ አይለቅምም። ማታ ላይ ብቻውን በሰማያዊ ታክሲ ከመመላለስ ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ቢጠራ ይሻላል፤ የመኪናው ታርጋና የሾፌሩ ስም ስልኩ ላይ ይቀራል።

ዘመዱ ወደ ሆቴሉ ቢመጣ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ቅቤውን ሊወስድ መምጣቱ አይቀርም። ሻይ ጋብዙት።

9. እራትና የማታ ወሬ

እራት ሆቴሉ ውስጥ ወይም በእግር በሚደረስበት ቦታ ይሁን። ቀለል ያለ ነገር ይበላ። ከእራት በኋላ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ተቀመጡ። ነገ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚሄድ፣ ምን ጫማ እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ወፍራም ልብስ ይያዝ። በአድዋ ድል መታሰቢያ ከሆነ የምትጀምሩት የፍተሻ ሰልፉን አስቡና ሰዓቱን ቀድሙት። ቅሬታ ያለው አሁን ይናገር፣ ገንዘብ ያዡም የቀኑን ወጪ ያንብብ። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሐሜትን ከሥሩ ይቆርጣል።

ሾፌሩንና ረዳቱን አትርሱ። ብዙ ቡድን ላይ ጠብ የሚነሳው በእነሱ ምግብና አልጋ ነው። ኮንትራቱን ስትዋዋሉ የማን ወጪ እንደሆነ ተጽፎ ይለቅ። ካልተጻፈ ዛሬ ማታውኑ ተነጋገሩና ጨርሱ። ክፍላቸውም ከጭፈራ ቤት ድምፅ ራቅ ያለ ይሁን። ነገ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት የሚነዳው እሱ ነው።